ቁልፉ ከእጅሽ አይውጣ

ቆይ! እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ። «የስ» ብለሽ ልትጽፊ እንደነበር ከኋላሽ ቆሜ አይቻለሁ፤ ጥቁሩ መስኮት የጠየቀሽን ግን አላነበብሽውም። ትንሽ ጠጋ በይልኝና አብረን እናንብበው።

መቸኮልሽ ይገባኛል። መብራት ከመጣ ገና ሩብ ሰዓት ነው፤ ዳታውም ዛሬ ደህና ይሄዳል። ስትጠብቂው የከረምሽው ኢሜይል ከዩኒቨርሲቲው እንዳየሱስ ግቢ ስትመለሺ ደርሶሻል፤ ጀርመን ያሉት ሁለተኛ አማካሪሽ ቃላቸውን ጠብቀው በዩኒቨርሲቲያቸው ክላስተር ላይ አካውንት አስከፍተውልሻል። የትግራይን ደጋ የክረምት ዝናብ በዚህች አራት ኮር ባላት ላፕቶፕ ለማስላት ስትታገዪ ነው የከረምሽው። ማራገቢያዋ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ እናታችን አደይ በርሽ ላይ ቆማ «ይሄ ነገር ሊቃጠል ነው እንዴ?» ስትል ሰምቻታለሁ። አሁን በሺህ የሚቆጠሩ ኮሮች ካሉት ማሽን ደጃፍ ደርሰሻል። ያስቆምኩሽም ደጃፉ ላይ ስለሆንሽ ነው። ከገባሽ በኋላ የምትሠሪው ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው አንቺን ነው፤ በሩ ላይ የምትሠሪው ግን ለሌላውም ይተርፋል።

ክላስተር ማለት እኮ አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር አይደለም። በጣም ፈጣን በሆነ መስመር ተሳስረው አንዱን ሥራ የሚካፈሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ እኛ በትግርኛ ወፈራ የምንለው፣ በአማርኛው ደቦ የሚባለው ዓይነት። የአንቺ ዝናብ በአንድ ጥግ ሲሰላ፣ በሌላው ጥግ ሌላ አገር ያለች ልጅ የፕሮቲን ቅርጽ ታስላለች፤ ከእሷ ጎን ደግሞ አንዱ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ይመረምራል። ሁላችሁም የምትገቡት በአንድ በር ነው። ለወፈራ የመጣ ሰው ሌባ አስከትሎ ቢመጣ የሚዘረፈው የእሱ ማሳ ብቻ አይሆንም።

እንግዲህ መስኮቱ የሚልሽ ይህን ነው፦ ይህን ማሽን ከዚህ በፊት አላየሁትም፤ ማንነቱን ላረጋግጥልሽ አልችልም፤ አሻራው ይኸውልሽ፤ ልቀጥል ወይ? ከሥሩ የተደረደሩት 43 ምልክቶች ትርጉም የለሽ ይመስላሉ እንጂ የዚያ ማሽን የጣት አሻራ ናቸው። ወደ ማሽኑ የሚያስገባሽ፣ ኤስኤስኤች የሚባለው ፕሮግራም መስመሩን ያመሰጥርልሻል፤ የካፌው ዋይፋይ ባለቤትም ሆነ ሌላ በመሃል ያለ ሰው የምትጽፊውን ማንበብ አይችልም። ግን አስቢው፤ ምስጢርሽን በሹክሹክታ የምትነግሪው ሰው ራሱ ሌባው ከሆነ ሹክሹክታው ምን ይጠቅምሻል? ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት «ማን ነህ?» የሚባለው። ድሮ የንጉሥ ደብዳቤ ሲመጣ ከቃሉ በፊት ማኅተሙ ይታይ ነበር፤ ይህ አሻራ ያ ማኅተም ነው።

ማኅተሙን ደግሞ ደብዳቤውን ያመጣውን መልእክተኛ ጠይቀሽ አታረጋግጪም። ክላስተሩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች አሻራውን በመመሪያ ገጻቸው ላይ ያወጡታል፤ እዚያ ካጣሽው አማካሪሽን በስልክ ጠይቂያቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት አይቶ «ያው ነው» ማለት የለም፤ እስከ መጨረሻው ነው የሚነበበው። አዳዲሶቹ የኤስኤስኤች ፕሮግራሞች ለዚህም ዘዴ አበጅተዋል፤ በ«የስ» ፈንታ ከመመሪያው የቀዳሽውን አሻራ ራሱን ብትለጥፊለት፣ ፕሮግራሙ አመሳክሮ ከገጠመ ብቻ ይቀጥላል።

አንዴ ከተቀበልሽው ላፕቶፕሽ መዝግቦ ይይዘዋል፤ ከነገ ጀምሮ አይጠይቅሽም። አንድ ቀን ግን «የማሽኑ ማንነት ተለውጧል» የሚል፣ ዙሪያውን በምልክት የታጠረ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሊመጣብሽ ይችላል። ያን ጊዜ «የድሮውን መስመር ሰርዢው፣ ይሄድልሻል» የሚልሽ ጓደኛ አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ ነው ጥያቄው። ምናልባት ማሽኑ በአዲስ ተተክቶ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ አስተዳዳሪዎቹ ያስታውቃሉ። ማስታወቂያውን በዓይንሽ እስክታዪ ድረስ ምንም እንዳትሰርዢ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዝም ብሎ የመጣ አይምሰልሽ። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የተደበቀ ፕሮግራም የሰዎችን የይለፍ ቃል ሲለቅም ተገኘ። በዚያ ዘመን ሩቅ ወዳለ ኮምፒውተር የሚገባው በቴልኔት ነበር፤ የይለፍ ቃሉም እንዳልታሸገ ደብዳቤ ተገልጦ ነበር በመስመሩ ላይ የሚያልፈው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበረው ታቱ ዩሎነን የሚባል ፊንላንዳዊ በዚያው ዓመት ኤስኤስኤችን ጽፎ በነጻ ለቀቀው። የሚያንኳኳው በር ቁጥሩ 22 ነው፤ 21 የኤፍቲፒ፣ 23 የቴልኔት ነበሩና እነሱን ሊተካ የመጣው ፕሮግራም በመሃላቸው ባዶ የቀረውን ቁጥር ጠይቆ ወሰደ። ዛሬ ብዙው ሰው የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች የሚያዘጋጁትን ኦፕንኤስኤስኤች ነው። ዊንዶውስም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አብሮ ይዞት ስለሚመጣ፣ ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም ከየትም ድረ ገጽ አውርደሽ መጫን አያስፈልግሽም። ፑቲ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት አገልግሎናል። በስሙ የተሠሩ፣ የይለፍ ቃል የሚሰርቁ የሐሰት ቅጂዎች ስላሉ ነው።

ወደ ቁልፍሽ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ስትሠሪው ቸኩለሽ ስለነበር ሌላ ጊዜ እነግራታለሁ ብዬ ያለፍኩት ነገር አለ።

ቁልፉ ጥንድ ነው። አንደኛውን ጓጉንቸር በይው፣ ሁለተኛውን ቁልፍ። ጓጉንቸሩን በክላስተሩ በር ላይ እንዲያንጠለጥሉልሽ ትልኪያለሽ፤ ለመቶ ሰው ብታሳዪው፣ በቴሌግራም ብትልኪው ምንም አይደል፤ በጓጉንቸር የሚከፈት በር የለም። ቁልፉ ግን ከላፕቶፕሽ አይወጣም። ስትገቢ እንኳ አይላክም፤ ላፕቶፕሽ በቁልፉ ይፈርማል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ጓጉንቸር ፊርማው የዚያ ቁልፍ መሆኑን አይቶ ይከፍትልሻል። ከይለፍ ቃል የሚበልጠው በዚህ ነው፤ የይለፍ ቃል በገባሽ ቁጥር ወደ ማዶ ይሻገራል፣ ቁልፍ ባለበት ይቀራል። ሁለቱ ፋይሎች እንዳይምታቱብሽ፦ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ ፐብ ያለበት ጓጉንቸሩ ነው፤ የሌለበት ቁልፉ ነው። ሁለቱንም አባሪ አድርገው ለአስተዳዳሪ የሚልኩ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ እንዲያ የተላከ ቁልፍ በዚያው ሰዓት ተጥሎ በአዲስ መተካት አለበት።

ኢዲ25519 የሚባለውን ዓይነት መምረጥሽ ደስ ብሎኛል፤ አጭር፣ ፈጣንና ጠንካራ ነው። ግን የምስጢር ሐረግ ሲጠይቅሽ ምንም ሳትጽፊ ሁለት ጊዜ እንተር ብለሽ አለፍሽው። ሐረግ የሌለው ቁልፍ በር ላይ እንደተሰካ ቁልፍ ነው፤ ላፕቶፑ እጁ የገባ ሁሉ አንቺን ሆኖ ይገባል። አሁን እናስተካክለው፤ እንደገና መሥራት አያሻሽም። ኤስኤስኤች-ኪጅን የሚለውን ትእዛዝ ሰረዝ ፒ ጨምረሽ ጻፊና ለነበረው ቁልፍ ሐረግ ስጪው። ስትጽፊ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ፣ እየተጻፈ ነው። አራት አምስት ቃል አድርጊው፤ አንቺ ካልሆንሽ ማንም አንድ ላይ የማያመጣቸው ቃላት ይሁኑ። ተረትና ምሳሌ አይሁን፣ የመዝሙር ስንኝ አይሁን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሌባም ያውቀዋል። በላቲን ፊደል ይሁን፤ የግዕዝ ኪቦርድ ገና ያልተጫነበት አዲስ ማሽን ፊት ስትቀመጪ እንዳትቸገሪ።

«በየሰዓቱ ልጽፈው ነው?» እንዳትዪኝ። ኤስኤስኤች ኤጀንት የሚባል ረዳት አለ፤ ጠዋት አንዴ ሐረጉን ትነግሪዋለሽ፣ ላፕቶፑን እስክትዘጊ ይይዝልሻል።

የተሰረቀ መግቢያ የሚያደርሰውን እንድታዪ፣ በ2012 ግንቦት ወር የሆነውን ልንገርሽ። ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ ተቀምጦ፣ ተመራማሪው ሁሉ ከሩቅ ሲሠራ፣ የአውሮፓ ሱፐር ኮምፒውተሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ተዘጉ። የኤዲንብራው አርቸር፣ ሙኒክ አጠገብ ያለው የላይብኒዝ ማዕከል፣ የዩሊሽ የምርምር ማዕከል፣ የባደን-ቩርተምበርግ ክላስተሮች፣ የስዊዘርላንዱ ብሔራዊ ማዕከል። ሌቦቹ በር አልሰበሩም። የተጠቃሚዎችን የኤስኤስኤች መግቢያ ሰርቀው እንደ ባለቤት ነው የገቡት፤ ከአንዱ ያገኙትን ይዘው ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። ከተሰረቁት መግቢያዎች መካከል በካናዳ፣ በቻይናና በፖላንድ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች አካውንቶች እንደነበሩ የመረመሩት ሰዎች ተናግረዋል። በአንዳንዶቹ ማሽኖች ላይ ሞኔሮ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ያስቆፍሩ ነበር። ለኮሮና ምርምር ቅድሚያ ሰጥተው ይሠሩ ከነበሩት ማዕከላት የተዘጉ አሉ። አርቸር ሲመለስ የነበረው የይለፍ ቃልና ቁልፍ ሁሉ ተሽሮ፣ ምንም ያላጠፋውም ሰው እንደ አዲስ ቁልፍ እንዲሠራ ተገደደ። ከተዘጉት ብዙዎቹ የአንቺ አካውንት በተከፈተባት አገር፣ በጀርመን፣ ነበሩ፤ በሩ ላይ ዛሬ ጥብቅ ቢሆኑብሽ ይህን አስታውሺላቸው።

የራሴን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በግማሹ ነው የነገርኩሽ። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ተጀምሮ ስልኩም ኢንተርኔቱም ሲጠፋ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራዬ ውጭ አገር ባለ ክላስተር ላይ በእንጥልጥል ነበር። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ስልኩ ተመለሰ፣ ከወራት በኋላም ኢንተርኔቱ ተከተለ። መጀመሪያ የከፈትኩት ኢሜይሌን ነበር። ከክላስተሩ የመጡት መልእክቶች ተደርድረው ጠበቁኝ፦ ፋይሎችሽ ለብዙ ጊዜ አልተነኩም፤ ሊሰረዙ ነው፤ ተሰርዘዋል፤ አካውንትሽ ጊዜው አልፏል። ማንንም አልወቀስኩም። ስክራች የሚባለው ሰፊ ማከማቻ ለጊዜው ብቻ እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ማሽኑ የተሰጠውን ደንብ ፈጸመ። ቋሚ ቤቴ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቢሆንም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ላፕቶፔም በእነዚያ ወራት ጠፍቷል፤ ቁልፌ ውስጡ ነበር። ያን ቀን ያሳረፈኝ ነገር ቢኖር ለቁልፉ ጠንካራ ሐረግ መስጠቴ ነው። ለአስተዳዳሪዎቹ ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ የለመንኳቸው የድሮው ጓጉንቸሬ ከበሩ ላይ እንዲወርድ ነው። የመለሱልኝን አልረሳውም። «አንቺ መሆንሽን በምን እናውቃለን?» አሉኝ። በጣም ከፋኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፃችን ለማንም ሳይሰማ ቆይቶ አሁን ደግሞ እኔነቴን አስረጂ እባላለሁ? ብዬ። አደይ ናት ያረጋጋችኝ። «የማያውቁትን ሰው ዝም ብለው ካስገቡ፣ ውስጥ ያለው የሰው ንብረት ምን ይሁን ብለሽ ነው?» አለች፤ ስለ ኮምፒውተር አንድም ነገር ሳታውቅ። በቪዲዮ ተገናኘን፤ አማካሪዬ ገብተው መሰከሩልኝ፤ መታወቂያዬን አሳየሁ፤ በአዲስ ላፕቶፕ የሠራሁትን አዲስ ጓጉንቸር ሰጠኋቸው። በር ጠባቂ ሲጠይቅሽ አትቀየሚ። አንቺን መስሎ የመጣውንም እንዲያ ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ ዋና ዋና ውጤቶቼን ወደዚህ አመጣለሁ። ለአንድ ላፕቶፕ አንድ ቁልፍ፣ ለሌላው ሌላ ቁልፍ አለኝ፤ አንዱ ሲጠፋ የእሱን ጓጉንቸር ብቻ አወርዳለሁ። ሌላ መጠባበቂያ ቁልፍ ደግሞ የራሱ ሐረግ ኖሮት፣ በተመሰጠረ ፍላሽ ላይ፣ አደይ የወርቅ ጌጧን ከምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ጓጉንቸሩን አስቀድሜ አስመዝግቤዋለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ቁልፍሽን በቴሌግራም ለራስሽ ልከሽ ማስቀመጥ፣ ጉግል ድራይቭ ላይ መጫን ግን መጠባበቂያ አይባልም፤ ስልክሽን የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። እኛ ያለንን ተካፍለን የተረፍን ሰዎች ነን። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ባንክ ተዘግቶ፣ ደመወዝ ቀርቶ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ዱቄት በጣሳ እየሰጠ ነው ያለፍነው። ስለዚህ ጓደኛሽ መጥታ «ቴሲሴ ሊደርስብኝ ነው፣ ባንቺ አካውንት ልግባ» ስትልሽ እንቢ ማለት ንፍገት ሆኖ እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። ግን አንድ የማውቀው ልጅ እንዲሁ በደግነት ሰጠ። የተቀበለው ልጅ ከኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ገባ፤ በሳምንቱ ከማይታወቅ አገር በዚያ አካውንት የገባ ሰው ተገኘ። አስተዳዳሪዎቹ የእሱን ብቻ አልዘጉም፤ ምርመራው እስኪያልቅ የምርምር ቡድኑ በሙሉ ታገደ። አብረውት የነበሩ አራት ተማሪዎች ቴሲሳቸውን በጊዜው አላስረከቡም። ደግነቱ ለአንድ ሰው ነበር፤ ዕዳው የአራት ሰው ሆነ።

ጓደኛሽን መርዳት ከፈለግሽ፣ ማመልከቻዋን አብረሻት ጻፊ። አማካሪሽ የፕሮጀክቱ አባል አድርገው ሊያስመዘግቧት ይችላሉ፤ የራሷ ቁልፍ፣ የራሷ ስም ይኖራታል። ይህ አንድ ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፤ ሳምንቱን አብረሻት ጠብቂ። በሕጉም በኩል በሰው አካውንት ያለ ፈቃድ መግባት ቀልድ አይደለም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ቁልፉ ብቻውን ላይበቃቸው ይችላል፤ በስልክሽ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ይጠይቁሻል። ኮዱን የሚያወጣው መተግበሪያ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓትም ይሠራል። የሚፈልገው የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑን ብቻ ነው። ስልክሽን በእጅሽ ነካክተሽ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ካስተካከልሽው ኮዱ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል፣ በሩም አይከፈትልሽም። ሰዓቱን ከኔትወርኩ እንዲወስድ ተዪው። መጀመሪያ ስትመዘገቢ የሚሰጡሽን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ገልብጠሽ ከፍላሹ ጋር አኑሪያቸው፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

ላፕቶፕሽስ? ይህን የምጠይቀው ሁሉም ጥንቃቄ ተቆጥሮ መጨረሻው እዚህች ማሽን ላይ ስለሚያርፍ ነው። ቁልፉ ያለው እዚህ ነው፣ ሐረጉ የሚጻፈው እዚህ ነው። ከሱቅ በፍላሽ አስጭነሽ ያመጣሽው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የምትጽፊውን ፊደል ሁሉ የሚቀዳ ነገር ይዞ መጥቶ እንደሆነ፣ የኤስኤስኤች ምስጠራ አያድንሽም፤ ሌባው ከምስጠራው በፊት ነው የሚያነበው። ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ መግዛት ከከበደሽ ኡቡንቱ በነጻ አለ፤ የክላስተሩም ቋንቋ ሊኑክስ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ትጠቀሚበታለሽ። ዲስኩን አመስጥሪው። ማሻሻያ ሲመጣ «ዳታ ይበላል» ብለሽ ለወራት አታዘግዪው፤ ግቢ ስትሄጂ በዩኒቨርሲቲው መስመር አውርጂው። በ2015 ማኅበራዊ ሚዲያዎች በተዘጉ ጊዜ የጫንሻቸው ነጻ ቪፒኤኖች አሁንም ስልክሽና ላፕቶፕሽ ላይ ካሉ አጥፊያቸው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጥሽ ቪፒኤን ሌላ ነገር ነው፤ ክላስተሩ ከጠየቀው እሱን ተጠቀሚ። ባለቤቱ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን ግን የማታውቂውን ሰው ቤትሽ እንደማስቀመጥ ነው።

ከገባሽ በኋላ የማስፈራሽ ጥቂት ነው። አንዳንድ መመሪያ ላይ ከመግቢያው ማሽን ወደ ሌላው ለመሻገር ኤጀንትሽን ይዘሽ እንድትገቢ የሚያደርግ፣ ትልቅ ኤ ያለበት አማራጭ ታገኚያለሽ። አትጠቀሚው። እዚያ ማሽን ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ወይም ሥልጣኑን የሰረቀ ሰው አንቺ እስካለሽ ድረስ በኤጀንትሽ ሊፈርም ይችላል። በመሃል ያለውን ማሽን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ የሚጠቀም፣ ትልቅ ጄ የሚባል አማራጭ አለ፤ ፊርማው ሁሉ እዚሁ ላፕቶፕሽ ላይ ይቀራል። የግል ቁልፍሽንም ወደ ክላስተሩ እንዳትገለብጪ፤ የ2012ቱ ሌቦች ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩት በተሰረቀ መግቢያ ነው።

የአንቺ ዳታ ዝናብ ነው፤ ማንም ቢያየው ማንም አይጎዳም። ዓይደር ሆስፒታል የምትሠራው ጓደኛሽ ግን የታካሚ መዝገብ ልታስላበት ካሰበች ንገሪያት፤ ስምና የካርድ ቁጥር እዚሁ ሳይወጣለት ድንበር የሚሻገር ፋይል ሊኖር አይገባም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርስ? ያቺ ታካሚ በሽታዋን የነገረችው ለሐኪሟ ነው።

መስመሩ ይቆራረጥብሻል፤ ይህን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። መቆራረጡ ደግሞ ሰውን ወደ አቋራጭ ይገፋፋል፦ የይለፍ ቃል ፋይል ላይ ጽፎ ማስቀመጥ፣ ሐረጉን ማንሳት፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ትቶ መሄድ። ስለዚህ መቆራረጡን በሌላ መንገድ ተቋቋሚው። ስሌቱን በመግቢያው ማሽን ላይ አታስኪጂ፤ ስለርም በሚባለው የወረፋ ፕሮግራም ወረፋ አስይዢው፤ መብራት ቢጠፋ፣ ዳታ ቢያልቅ፣ አንቺ ተኝተሽ እንኳ ሥራው ይቀጥላል። ክላስተሩ ላይ ቲመክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ሆነሽ ሥሪ፤ ስትመለሺ መስኮትሽን እንደተውሽው ታገኚዋለሽ። ፋይል ስታመላልሺ አርሲንክን ተጠቀሚ፤ የተቋረጠውን ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። መስመሩ ሥራ ሲፈታ እንዳይዘጋብሽ ደግሞ በየ60 ሰከንዱ «አለሁ» እንዲል አድርገሽ አስተካክዪው።

በይ፣ አማካሪሽ ስልክ አንስተዋል። አሻራውን ከመመሪያው ላይ እያዩ ያነቡልሻል፤ አንቺ በጣትሽ እየተከተልሽ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሪ። ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይተው እንዲነግሩሽ ለምኚያቸው፤ እንዳያሰለቻቸው አትፍሪ። እኔም እዚህ በወረቀት እጽፋለሁ። አደይ፣ ቡናውን ትንሽ አቆዪልን።

43ቱም ገጥመዋል። አሁን «የስ» ብለሽ ጻፊ።